መልስ፦ ቢ የምትመስለዋ የጀርመን ፊደል

"የመንገዱ ስም ላይ ያለችውን ቢ እንዴት ላንብባት?" ላልሽው፣ እህቴ፣ ቢ አይደለችም። ስሟ "ኤስ-ጼት" (ß) ነው፣ ድምፅዋ ግን ያው "ስ"። በድሮው የጀርመን ጽሕፈት ረጅሙ ኤስ (ድሮ ይጻፍ የነበረ ረዘም ያለ የኤስ ቅርጽ) እና ጼት (የጀርመኖች ዜድ) ተጣብቀው የወለዷት ናት። ስለዚህ የመንገዱ ስም ላይ ያለውን ቃል "ሽትራሰ" በይ፣ "መንገድ" ማለት ነው። እኔም "ሽትራበ" እያልኩ አውቶቡስ ሾፌር አስቄያለሁ።

ከእሷ በፊት ያለው አናባቢ ይጎተታል። እግር "ፉ-ስ" ነው፣ ረዘም ብሎ፤ በእሷ ይጻፋል። ወንዝ ግን "ፍሉስ"፣ አጭር ነው፤ በሁለት ኤስ ይጻፋል። ደንቡ እንዲህ የጠራው በ1996 እ.ኤ.አ. በተደረገው የአጻጻፍ ማሻሻያ ስለሆነ፣ የቆየ መጽሐፍ ላይ ከአጭር አናባቢ በኋላም ብታገኛት አትደናገሪ።

ቀላል ነገር እንዳትመስልሽ ደግሞ፦ ቢራ "ኢን ማሰን" ጠጣ ሲባል በእሷ ከተጻፈ "በልክ" ነው፣ በሁለት ኤስ ከተጻፈ "በገፍ"! የኛ "ገና" ጠብቆም ላልቶም አንድ ዓይነት እንደሚጻፈው፣ ስዊዘርላንዶችም ፊደሏን ስለተዉዋት ከዐውዱ ነው የሚለዩት።

በጀርመን ኪቦርድ ከ0 ቀጥሎ አለችልሽ። ከሌለሽ ሁለት ኤስ ጻፊ፤ ቢ ብቻ እንዳትተኪ፣ አድራሻው ይበላሻል።