ሸክሙ የት ይሄዳል? ለወጣት መሐንዲሶች

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

የምህንድስና ተማሪዎችና ገና ሥራ የጀመራችሁ ልጆች ስታገኙኝ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ሶፍትዌር ነው። የትኛው ይሻላል፣ የትኛውን ልማር ትላላችሁ። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሮማውያን ቅስት ነው። ሽማግሌው ወደ ኋላ ሊጎትተን ነው እንዳትሉኝ። ኮምፒውተሩ የሚያወጣላችሁን ባለ ቀለም ሥዕል ማንበብ ለመልመድ ከቅስት የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

ቅስትን የፈጠሩት ሮማውያን አይደሉም። ሜሶጶጣሚያ ውስጥ ከእነሱ ከሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በጡብ ይሠራ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ኤትሩስካኖችም ያውቁት ነበር። (የእኛም አገር አላጣውም። አክሱም ላይ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ በጡብ ቅስቶቹ የሚታወቅ የመሬት ውስጥ መቃብር አለ።) የሮማውያን ድርሻ ድፍረቱ ነው። ወንዝ ተሻገሩበት፣ ውሃ ከተማ አስገቡበት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ደርድረው አስቀመጡበት።

ድንጋይ ሲጫኑት ጀግና ነው። ሲያጎብጡት ግን ይሰነጠቃል። አንድ ረጅም ድንጋይ በሁለት አምዶች ላይ አጋድማችሁ ብትጭኑበት ላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ ታችኛው ይለጠጣል። ስንጥቁ ከታች ይጀምራል። የግሪኮች ቤተ መቅደሶች አምዶቻቸው ተጠጋግተው የቆሙት ለዚህ ነው። እኛ ብንሆን ታች ፌሮ እናስገባለን። ሮማዊው ድንጋዩን እንደ ሽብልቅ ጠርቦ በግማሽ ክብ ደረደረው። እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን ይጫናል፤ የሚለጠጥ የለም።

ብዙዎቻችሁ እዚህ ስትደርሱ የመሃሉን መቆለፊያ ድንጋይ አድንቃችሁ ትሄዳላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሱ ከሌሎቹ ብዙም የተለየ ሥራ የለውም። መጨረሻ ላይ ስለገባ ነው ስሙ የገነነው። ዓይናችሁን ወደ ቅስቱ እግር አውርዱ። ቅስት ሸክሙን ወደ ታች ብቻ አይልክም፣ ወደ ጎንም ይገፋል። ግፊቱን የሚቀበለው ነገር ከሌለ እግሮቹ ይከፈታሉ፣ አናቱ ይወርዳል።

ሮማውያን ታዲያ ምን አደረጉ? ቅስትን ከቅስት ጎን ደረደሩ። የግራው ወደ ቀኝ ሲገፋ የቀኙ ወደ ግራ ይገፋል። ሁለቱ ግፊት ስለሚጣፋ መሃል ያለው ምሰሶ ቀጭን ሆኖ መቆም ይችላል። ስፔን ውስጥ ሴጎቪያ ከተማ ያለውን የውሃ ድልድይ ፎቶ ፈልጋችሁ እዩ። ቁመቱ 28 ሜትር ገደማ ነው። ግራናይቱ ያለ ምንም ማጣበቂያ የተደረደረ ሲሆን ምሰሶዎቹ ለዓይን ያስፈራሉ። ግን ረድፉ አንድ ቦታ ማለቁ አይቀርም። የመጨረሻውን ቅስት ማን ይይዘዋል? ቪትሩቪየስ የተባለው ሮማዊ አርክቴክት የዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ መልሱን ጽፎታል፦ የዳሮቹን ምሰሶዎች ከሌሎቹ አስፍታችሁ ሥሩ ይላል። እንደ እኛ የሚያሰላበት ቀመር አልነበረውም። ጥያቄውን ግን ጠይቋል።

ሮም ከተማ ባለው ጥንታዊ የትርኢት ሕንፃ፣ ኮሎሲየም ላይ፣ ረድፉ ዞሮ ራሱ ላይ ይገጥማል። ከሥር 80 ቅስቶች አሉት፣ ጫፍ የለውም። በኋላ፣ በመካከለኛው ዘመን፣ የደቡቡ የውጭ ግድግዳ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲወድቅ ሁለት ጫፎች ተፈጠሩ። የሚደግፋቸው ጎረቤት ያጡት የምሥራቅ ጫፍ ቅስቶች ድንጋዮቻቸው መንሸራተት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1806 ሥራው ለአርክቴክት ራፋኤሌ ስተርን ተሰጠ። ስተርን ድንጋዮቹን ወደ ቦታቸው ልመልስ አላለም። ቅስቶቹን በጡብ ደፈናቸው፣ ጫፉ ላይም ወፍራም የጡብ ድጋፍ ገነባ። ያ የተንሸራተተ ድንጋይ ዛሬም ሊወድቅ ሲል እንደተያዘ አለ። ከሕንፃው ሁሉ እኔ የምወደው ያንን ጥግ ነው። የጎን ግፊትን እንዲህ በዓይን የሚያሳይ ቦታ ብዙ የለም።

ደንበኛ መጥቶ «ይቺን ግድግዳ እናንሳት፣ ሳሎኑ ይስፋ» ሲላችሁ ያንን ጥግ አስቡ። ግድግዳዋ ከላይ የምትሸከመውን ብቻ አትቁጠሩ፣ ከጎን ምን እንደያዘችም እዩ። ደግሞ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ቅስት የሌለው ቪላ እየጠፋ ነው። አብዛኛው ጌጥ ነው፤ ሸክሙን የያዘው ከጀርባው ያለው አርማታ ነው። ጌጥ ነውር የለውም። መሐንዲሱ ራሱ ሲሸወድ ግን ያሳፍራል።

ሌላው አዲስ ተመራቂ የማያየው እንጨቱን ነው። ቅስት የመጨረሻው ድንጋይ እስኪገባ ራሱን አይችልም፣ ከሥሩ የእንጨት ፎርምወርክ ይሸከመዋል። ደቡብ ፈረንሳይ ያለው ፖን ዱ ጋር የተባለው የሮማውያን የውሃ ድልድይ ቁመቱ ወደ 49 ሜትር ይጠጋል፣ ትልቁ ቅስቱ 24 ሜትር ተኩል ገደማ ይዘረጋል። ፊቱ ላይ ወጣ ወጣ ያሉ ድንጋዮች ታያላችሁ። እንጨቱ እንዲያርፍባቸው የተተዉ ናቸው፤ ሥራው ሲያልቅ ጠርቦ ያስተካከላቸው የለም። የድንጋዮቹን ቦታ የሚናገሩ ፊደሎችና ቁጥሮችም ተቀርጸዋል። ድንጋይ ከመነሳቱ በፊት አናጢና ጠራቢ ተነጋግረዋል ማለት ነው። እናንተም ሳይት ስትወጡ ፕላኑን ከመዘርጋታችሁ በፊት አናጢውን ስሙት። «ይሄ ፎርምወርክ በኋላ እንዴት ይፈታል?» ብሎ ከጠየቃችሁ ጥያቄው የዲዛይን ጥያቄ ነው።

ሮም የመሄድ ዕድል ከገጠማችሁ ከኮሎሲየም ወደ ቲቤር ወንዝ ውረዱ። ፋብሪቾ የሚባለው ድልድይ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ62 ነው፣ ዛሬም እግረኛ ይሻገርበታል። ያሠራው የመንገዶች ኃላፊ ሉሲየስ ፋብሪሲየስ ስሙን አስቀርጿል፤ መርምሮ የተቀበለው እሱ ራሱ መሆኑም ተጽፏል። በ21 ቅድመ ልደት ደግሞ ሁለት ቆንስላዎች (የሮም ከፍተኛ ሹሞች) እንደገና መርምረው ማጽደቃቸው ተጨምሯል። በሁለቱ ትልልቅ ቅስቶች መካከል፣ ምሰሶው ላይ፣ አንዲት ትንሽ ቅስት ተከፍታለች። ወንዙ ሲሞላ ውሃው በእሷ በኩል ያልፋል። ሰልፊ ብቻ ተነስታችሁ እንዳትመለሱ። ከመንገዱ ጀምራችሁ እስከ ወንዙ ወለል ድረስ የሸክሙን መስመር በእርሳስ ሳሉት፣ የጎርፉንም ግፊት ጨምሩበት። ሥዕሉን ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል።