የቦርድ አባልነትን ከመቀበል በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በባሕር ዳር ከተማ ለረጅም ዓመታት የሒሳብ ትምህርት ሳስተምር ቆይቼ በጡረታ የተገለልኩ መምህርት ነኝ። በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በሥራ አስኪያጅነት የሚመራው አገር በቀል ድርጅት የቦርድ አባል እንድሆን ጋብዞኛል። ድርጅቱ በጣና ሐይቅ ዳርቻ እምቦጭን በማስወገድና የአርሶ አደር ልጆችን በትምህርት ቁሳቁስ በመደገፍ ሥራ ላይ የተሠማራ ነው። ዓላማውን እወደዋለሁ፤ ልጁንም ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስለ ድርጅቱ የውስጥ አሠራር ግን የማውቀው ነገር የለም። ሰነድ አሳየኝ ብለው ያላመንኩት እንዳይመስለው ይሉኝታ ይዞኛል። እርሱም ‹‹ቲቸር፣ እርስዎ ካሉበት ሰው ያምነናል›› ነው ያለኝ። ከመስማማቴ በፊት ምን ምን ማወቅ ይገባኛል?
ጡረተኛ መምህርት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ተማሪዎ የነገሩዎት ቃል ራሱ ሰነዶቹን እንዲጠይቁ የሚያስገድድዎ ነው። ሰው ድርጅቱን የሚያምነው እርስዎ ስላሉበት ከሆነ፣ ገንዘብ የሚሰጠው ለጋሽም ሆነ ልጁን ለድርጅቱ አደራ የሚሰጠው ወላጅ የሚመካው ‹‹እርሳቸው አይተውታል›› በሚለው ግምት ነው። ሳያዩ ከገቡ ይህ ግምት ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሰነድ መጠየቅዎ ልጁን መጠርጠር አይደለም፤ የተጋበዙበት ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይሉኝታው ከበረታብዎ ጥያቄውን በእርሱ ላይ ሳይሆን በራስዎ ላይ ያድርጉት፤ ‹‹ሳላነብ የምፈርም ሰው አለመሆኔን ታውቃለህ›› ቢሉት የሚከፋ ተማሪ ያለ አይመስለንም።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የድርጅቱ ሕጋዊ አቋም ነው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አገር በቀል ድርጅት በማኅበርነት ወይም በቦርድ የሚመራ ድርጅት ሆኖ ሊቋቋም ይችላል፤ ሌሎች ቅርጾችም አሉ። በማኅበር ውስጥ የመጨረሻው ወሳኝ አካል የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ሲሆን፣ በቦርድ በሚመራ ድርጅት ግን ከቦርዱ በላይ ማንም የለም። የዚህ ዓይነቱ ቦርድ ከ5 ያላነሱ ከ13 ያልበለጡ አባላት ይኖሩታል። እርስዎ የተጋበዙት በዚህኛው ዓይነት ድርጅት ውስጥ ከሆነ፣ የሚቀበሉት የአማካሪነት ወንበር ሳይሆን ሥራ አስኪያጁን የመሾምና የማንሳት፣ በጀት የማጽደቅና ስለ ድርጅቱ የመጠየቅ ኃላፊነት ነው። እንዲሁም የት እንደተመዘገበ ይጠይቁ። ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ድርጅት የሚመዘገበው በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዘንድ ሲሆን፣ ሥራው በአማራ ክልል ብቻ የተወሰነ ከሆነ ግን የሚመዘግበውና የሚከታተለው የክልሉ አካል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ከፌዴራሉ አዋጅ የምንጠቅሰውን በክልሉ ሕግ ካለው ጋር ማመሳከር ይኖርብዎታል። የምዝገባውን ምስክር ወረቀትና መተዳደሪያ ደንቡን ቤትዎ ወስደው ቢያነቡ ይመረጣል፤ በተለይ የአባልነት ዘመን ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ምልዓተ ጉባኤ በስንት ሰው እንደሚሟላ፣ አንድ አባል እንዴት እንደሚለቅና ለአባላት የሚከፈል አበል ካለ በምን ደንብ እንደሚከፈል የሚናገሩትን አንቀጾች።

ደንቡ እንዲሆን የታሰበውን ይነግርዎታል፤ የሆነውን የሚነግርዎ ቃለ ጉባኤው ነው። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ቃለ ጉባኤዎች ይጠይቁ። ስብሰባው በደንቡ በተወሰነው ጊዜ ተካሂዷል ወይስ ኦዲተሩ ሲመጣ በአንድ ሳምንት ተጽፎ ተፈርሟል? በአንድ ብዕር፣ በአንድ ቃል፣ ከአጀንዳ ወደ አጀንዳ ‹‹ቀርቦ ጸድቋል›› እያለ የሚሄድ መዝገብ ካዩ ማንም ጥያቄ ያልጠየቀበት ቦርድ ነው ማለት ነው። በተቃራኒው፣ አንድ አባል ያልተስማማበት ሐሳብ ተመዝግቦ፣ ሥራ አስኪያጁ በቀጣዩ ስብሰባ ምላሽ ይዞ እንዲቀርብ ታዝዞ፣ ቀርቦም ከሆነ ደስ ሊልዎት ይገባል። ጭቅጭቅ የተጻፈበት ቃለ ጉባኤ ብዙ ጊዜ የጤናማ ድርጅት ምልክት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ እርስዎ የሒሳብ መምህርት ስለሆኑ ከብዙ ተጋባዦች የተሻለ ዕድል አለዎት። የውጭ ኦዲተር የመረመራቸውን ያለፉትን ሦስት ዓመታት ሪፖርቶች ጠይቀው ከአኃዙ በፊት የኦዲተሩን አስተያየት ያንብቡ። አስተያየቱ ነቀፌታ የሌለበት ነው? ወይስ ‹‹ከተገለጹት ጉዳዮች በስተቀር›› የሚል ነው? ኦዲተሩ በቂ ማስረጃ አጥቶ አስተያየት መስጠት አልቻልኩም ያለበት ዓመትስ አለ? ኦዲተሩ ከሪፖርቱ ጋር ለሥራ አመራሩ የሚጽፈው፣ ስለ ውስጥ ቁጥጥር ድክመቶች የሚዘረዝር ‹‹ማኔጅመንት ሌተር›› የሚባል ደብዳቤም አለ፤ ለውጭ ሰው እምብዛም የማይታይ በመሆኑ በስም ጠርተው ይጠይቁት። በአንድ ዓመት የተጻፈ ድክመት በሚቀጥለው ዓመት ደብዳቤ ላይ በዚያው ቃል ተደግሞ ከተገኘ፣ ጉድለቱ የሒሳብ ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ሪፖርቱን ተቀብሎ ያስቀመጠው ቦርድም ነው።

አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ጣሪያው 30 በመቶ ነበር። የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ አገልግሎትና የመሳሰሉት በዚህ ሥር ይወድቃሉ። ነገር ግን ዝቅ ያለ መቶኛ ሲያዩ ወዲያው አይደነቁ። 5 በመቶ ብቻ በአስተዳደር ላይ አወጣሁ የሚል ድርጅት ብቁ የሒሳብ ሠራተኛ የሌለው ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም የቢሮውን ወጪ በፕሮጀክት ስም መዝግቦት ይሆናል። የመቶኛው ማነስ ወይም መብዛት ሳይሆን አመዳደቡ እንዲብራራልዎት ይጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ግን በባንክ ያለው ገንዘብ ምን ያህሉ በእርግጥ የድርጅቱ እንደሆነ ይወቁ። ለጋሽ ለአንድ ፕሮጀክት ብሎ የሰጠው ገንዘብ ለሌላ ሥራ አይውልም፤ ስለዚህ ሚሊዮኖች በሒሳቡ ያሉት ድርጅት ለሚቀጥለው ወር የጥበቃውን ደመወዝ የሚከፍልበት ነፃ ገንዘብ ላይኖረው ይችላል። ገቢው ከስንት ለጋሾች እንደሚመጣ፣ የትኛው ውል መቼ እንደሚያበቃ በአንድ ገጽ ይጻፍልዎት። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በድንገት ባቆመ ጊዜ በአንድ ለጋሽ ላይ ብቻ የተንጠለጠሉ ድርጅቶች ሠራተኛ ለማሰናበት ተገደዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም፣ ውላቸው በብር የነበረ ፕሮጀክቶች በጀታቸው ሳይነካ የመግዛት አቅማቸው ወርዷል። የተማሪዎ ድርጅት እነዚህን ሁለት ጊዜያት እንዴት አለፋቸው? ይህን ጥያቄ ለሥራ አስኪያጁም ለሒሳብ ኃላፊውም ለየብቻ ያቅርቡ፤ ሁለቱ መልሶች መመሳሰል አለባቸው።

የግብርና የጡረታ ክፍያ በወቅቱ መግባቱን የሚያሳዩ ደረሰኞችንም አይርሱ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል። ገንዘብ ሲያጥር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚዘገየው ይህ ክፍያ ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ ተቀንሶ ያልገባ ገንዘብ የሰው ገንዘብ ነው፤ ቅጣትና ወለድ ተጨምሮበትም አዲሱን ቦርድ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። የእምቦጭ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። አረሙ በጣና ላይ ጎልቶ ከታየ ከ2004 ገደማ ጀምሮ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻዎች ስንት ዘመቻ እንደተደረገ እርስዎም ያውቃሉ። የእምቦጭ ዘር በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ከተነቀለው የተረፈ ቁራጭም ዳግመኛ ይባዛል። ስለዚህ ‹‹ይህን ያህል ሔክታር አጸዳን›› የሚለው ሪፖርት ብቻውን ስለ ውጤት የሚነግረን ጥቂት ነው። ያ ቦታ ከአንድ ዓመት በኋላ ምን ይመስላል? የተነቀለው አረም የት ተከመረ፣ ዝናብ መልሶ ወደ ሐይቁ አጥቦት ይሆን? ቀበሌው ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ሥራውን በራሱ ቀጠለ? ለልጆቹ ስለሚሰጠው ደብተርና ቦርሳም እንዲሁ፤ የተከፋፈለው ብዛት ሳይሆን ልጆቹ በትምህርት ገበታቸው መቆየታቸው ነው የሚፈለገው። ይህን ጥያቄ ሲያነሡ ሥራ አስኪያጁ ያልተሳካውንም ጭምር በግልጽ የሚያስረዳዎ ከሆነ በእኛ እምነት ከየትኛውም ባለ ቀለም ሪፖርት የበለጠ ዋጋ አለው።

በተቻለ መጠን ቦታውን ሄደው ይዩት። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ምክንያት መንገድ ሁልጊዜ ክፍት እንዳልሆነ እናውቃለን። ይኸው ራሱ ሌላ ጥያቄ ያመጣል፦ መንገድ ተዘግቶ በነበረባቸው ወራት ተሠራ የተባለው ሥራ በማን ተሠራ፣ ማንስ አረጋገጠው? የመስክ ሠራተኞችን ደኅንነት በሚመለከት ድርጅቱ የጽሑፍ መመሪያ አለው? አባል ከሆኑ በኋላ አንድ ሠራተኛ መንገድ ላይ አደጋ ቢደርስበት ቤተሰቡ ከሚጠይቃቸው ሰዎች አንዷ እርስዎ ነዎት።

ስለ ንብረትና ስለ ዝምድና የሚጠየቁት ጥያቄዎች አጫጭር ናቸው። የመኪናውና የጀልባው ባለቤትነት በማን ስም ነው? ቢሮው የሥራ አስኪያጁ ወይም የመሥራቾቹ ቤት ከሆነ ኪራዩን ማን ወሰነ? ቼክ ላይ ስንት ሰው ይፈርማል? ከቦርዱ አባላት፣ ከሥራ አስኪያጁና ከሒሳብ ሠራተኛው መካከል የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ያላቸው አሉ? እርስዎም የቀድሞ መምህሩ መሆንዎን ለቦርዱ አስታውቀው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ያድርጉ፤ ደመወዙ ወይም የሥራ ግምገማው በሚታይበት ዕለት አስተያየትዎ በፍቅር ነው የሚል እንዳይኖር።

በመጨረሻም፣ በእርስዎ ቦታ የነበረው ሰው ለምን እንደለቀቀ ይጠይቁና ሰውየውን በግል ያነጋግሩት። አንድ ሻይ ተጋብዞ የሚነግርዎ ነገር በሰነድ ላይ ላይገኝ ይችላል። ተማሪዎ ይህን ሁሉ በጸጋ ተቀብሎ ሰነዶቹን ካቀረበ፣ አንዳንድ ጉድለት ቢያገኙም ግብዣውን እንዲቀበሉ እንመክራለን፤ ጉድለት የሌለበት ድርጅት ቢሆን ኖሮ የእርስዎን ዓይነት ሰው ባልፈለገም ነበር። ‹‹ለእርስዎ ሁሉንም በኋላ አሳይዎታለሁ›› ካለ ግን፣ ሰነዱን እስኪያሳይዎ ድረስ አባልነቱን ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ከአንድ ዓመት በፊት አንድ ወዳጄ ‹‹ስምህን ብቻ ነው የምንፈልገው፣ ሥራ የለውም›› ብሎ የቦርድ አባል አድርጎኛል። እስካሁን ለስብሰባ አልተጠራሁም። ድርጅቱ ገንዘብ እያንቀሳቀሰ መሆኑን ግን እሰማለሁ። ዝም ብዬ ልቀመጥ ወይስ ልልቀቅ?
ነጋዴ፣ ከዘጌ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ዝም ብለው አይቀመጡ። በመዝጋቢው አካል ፋይል ውስጥ ስምዎ እስካለ ድረስ በሌሉበት ስለተወሰነው ነገር የሚጠየቁት እርስዎም ነዎት። አስቀድመው ለቦርዱ ሰብሳቢ በጽሑፍ፣ እርስዎ አባል ከሆኑበት ቀን ጀምሮ የተካሄዱ ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤዎች፣ የመጨረሻው የኦዲት ሪፖርትና የባንክ ፈራሚዎች ዝርዝር እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። በቃለ ጉባኤዎቹ ላይ ያልተገኙበት ስብሰባ እንደተገኙ ሆኖ ተጽፎ ወይም ያልፈረሙት ፊርማ በስምዎ ተቀምጦ ካገኙ፣ ጉዳዩ ከመልቀቅ በላይ ስለሆነ ወደ ጠበቃ ይሂዱ። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለና ድርጅቱን ሊረዱት ከፈለጉ ስብሰባ እንዲጠራ ይጠይቁና ይቀጥሉ። መልስ ካጡ ወይም ካልፈለጉ ግን የመልቀቂያ ደብዳቤ ቀን ጠቅሰው ይጻፉ፤ ለድርጅቱ መዝገብ ቤት ሰጥተው የተቀባዩን ፊርማና ማኅተም በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ያስደርጉ፤ ግልባጩንም ድርጅቱን ለመዘገበው አካል ያስገቡ። ለወዳጅዎ በቃል ‹‹ተውኩት›› ማለት ብቻውን ስምዎን ከፋይሉ አያወጣውም።