‹አፊዴቪት ፈርሚ› ስትባዪ ምን እየተባልሽ ነው?

እህቴ፣ ወንድምሽን ወደ አሜሪካ ለማምጣት በጀመርሽው ፕሮሰስ ‹አፊዴቪት ፈርሚ› ተብለሽ የቃሉን ትርጉምና አመጣጥ ጠይቀሻል። እዚህ አሜሪካ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ስለምሠራ ቃሉ ከእጄ አይጠፋም፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ቃሉ ላቲን ነው፤ ‹ምሎ አረጋገጠ› እንደማለት ነው። ሥሩ ‹ፊዴስ›፣ እምነት ነው። አገር ቤት ጠበቆች ከእግድ አቤቱታ ጋር የሚያያይዙት ቃለ መሐላ ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ ተራ የድጋፍ ደብዳቤ አይምሰልሽ፤ እያወቁ ውሸት ከጻፉበት በወንጀል ያስጠይቃል። የሚጻፍበትም ራስሽ ያየሽው፣ ራስሽ የምታውቂው ብቻ ነው። ‹ሲሉ ሰምቻለሁ› ዳኛ ፊት ብዙ አያራምድም።

ለፍርድ ቤት የሚሆነው ብዙ ጊዜ ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት ይፈረማል። ግርጌው ላይ ‹በፊቴ ምሎ ፈረመ› የሚል ቦታ አለ፤ ሰው ቤቱ ፈርሞ ይሄድና እንደገና ፈርም ይባላል። መታወቂያ ይዞ፣ ሳይፈርሙ መሄድ ነው። ‹ፈጽማችሁ አትማሉ› የሚለውን የወንጌል ቃል አስበው የሚጨነቁ እናቶች አጋጥመውኛል። ሕጉ ያለ መሐላ ማረጋገጥንም ይቀበላል፤ ክብደቱ እኩል ነው።

ያንቺው ግን አይ-864 የሚባለው፣ የሚመጣውን ዘመድ በገንዘብ እደግፋለሁ ብለሽ ቃል የምትገቢበት ፎርም ነው፤ እሱ ኖተሪ አያስፈልገውም። ለኖተሪ ብለሽ ገንዘብ አታውጪ። የኢሚግሬሽን ሕጉ በ1996 እ.ኤ.አ. ከተሻሻለ ወዲህ ይህ ፊርማ ከመንግሥት ጋር የሚገባ ውል ነው። ገቢሽ ባጠቃላይ መንግሥት ከሚያወጣው የድህነት ወለል (የዝቅተኛ ገቢ መለኪያ) 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ ስሌቱ ውስጥ አንቺ፣ የቤተሰብሽ አባላትና የሚመጡት ሁሉ ይቆጠራሉ። ግዴታው ወንድምሽ ዜግነት እስኪያገኝ ወይም 40 የሥራ ሩብ ዓመት፣ ማለትም ወደ 10 ዓመት ገደማ፣ እስኪሞላለት ይቀጥላል። የመኖሪያ ፈቃዱን (ግሪን ካርዱን) ትቶ አሜሪካን ለቆ ከወጣ ወይም ከሞተም ያበቃል። ለትዳር ጓደኛ የፈረመ ሰው ደግሞ ቢፋታም ከውሉ አይወጣም፤ ይህን ከፈረሙ በኋላ የሚሰሙ ብዙ ናቸው፣ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ገቢሽ ካልበቃ ሌላ ሰው አብሮሽ ስፖንሰር መሆን ይችላል። እሱም የራሱን አይ-864 ይፈርማል፤ ተጠያቂነቱም እንዳንቺው ሙሉ ነው። ስትለምኚው ይህን ሳትደብቂ ንገሪው። ወንድምሽ ሚስትና ልጆች ይዞ የሚመጣ ከሆነ ቁጥራቸውን እዚህ ጻፊልን፣ ስሌቱን አብረን እናየዋለን።