ሂስ ለምትጽፉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ስለ ቲያትር ሂስ መጻፍ የምትፈልጉ ሁሉ የእንግሊዝን ቀደምት ሴት ጸሐፌ ተውኔቶች ታሪክ አንብቡ። ዕድሜዬን ተውኔት ሳነብና ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ሥራውን ትቶ ሠሪዋን መመዘን ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ አጉልቶ የሚያሳይ ታሪክ አላጋጠመኝም። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ የሆነችው የአፍራ ቤን የመጀመሪያ ተውኔት ለንደን ላይ የታየው በ1670 ነው። በዚያ ዘመን ደራሲ ገንዘብ የሚያገኘው ከሦስተኛው ምሽት ነበር፤ ተውኔቱ እስከዚያ ከዘለቀ የቲያትር ቤቱ ወጪ ይቀነስና የዕለቱ ገቢ ለእሱ ይሰጣል። ይህን አስቡት። በመጀመሪያው ምሽት “ሴት የጻፈችው ነው” እያለ የሚያንሾካሹክ ሰው የደራሲዋን የቤት ኪራይና የዕለት ጉርስ ይነካ ነበር። በ1678 “ሰር ፔሸንት ፋንሲ” የተባለው ተውኔቷ ብልግና አለበት ተብሎ ተወቀሰ። መልሷን በመቅድሙ አሰፈረች፦ ወንዶቹ ሲጽፉት የሚታለፈው ነገር ከሴት ሲመጣ ነው ነውር የሚሆነው። በ1687 በታተመው “ዘ ላኪ ቻንስ” መቅድም ደግሞ፣ ተውኔቶቿ በወንድ ስም ወጥተው ቢሆን ኖሮ ከዘመኑ ምርጦች ጋር በተቆጠሩ ነበር ብላ ሞገተች። እነዚህን ሁለት መቅድሞች ከማንኛውም የሂስ መማሪያ አስቀድሙ።

ከሞተች በኋላም አልቀረም። በ1696 ድሩሪ ሌን በተባለው የለንደን ቲያትር ቤት ውስጥ፣ በሴት ጸሐፌ ተውኔቶቹ በደላሪቪየር ማንሊ፣ በሜሪ ፒክስና በካትሪን ትሮተር ላይ የሚሳለቅ ተውኔት ቀረበ፤ የፒክስ ውፍረት እንኳ መሳቂያ ሆነ። ስለ ድርሰቷ ግን ውፍረቷ ምን ይነግረናል? በ1709 ተዋናዩ ሮበርት ዊልክስ የሌላዋን ሴት ጸሐፌ ተውኔት፣ የሱዛና ሴንትሊቨርን “ዘ ቢዚ ቦዲ” የተባለ ተውኔት ንቆ በልምምድ ላይ ጽሑፉን ወረወረው ይባላል። ተመልካቹ ግን ወደደው። ታላቁ ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክም በ1776 መድረክን የተሰናበተው የእሷን ሌላ ተውኔት ተጫውቶ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ቤን “ዘ ሮቨር” የተባለውን ተውኔቷን “ቶማሶ” ከተባለው የቶማስ ኪሊግሩው ተውኔት ወስዳለች ተብላ ተከሳለች። ክሱ መሠረት አለው፤ ካመነችው በላይ ወስዳለች። ተበድላለችና ብላችሁ ይህን አትሸፍኑላት፤ ሽፋን አያስፈልጋትም። ሁለቱን ተውኔቶች ጎን ለጎን ዘርግታችሁ አንብቡ። የኪሊግሩው ሥራ ለመድረክ የማይመች፣ ባለ ሁለት ክፍል ረጅም ድርሰት ነው። እሷ አሳጠረችው፤ መቼቱንም ከማድሪድ ወደ ኔፕልስ የካርኒቫል ሰሞን አዛወረች። ገዳም እንድትገባ የተወሰነባትን ሄሌናን ደግሞ በንግግር የማትረታ፣ ባሏን ራሷ የምትመርጥ ወጣት አድርጋ አቆመቻት። ሂሳችሁን ከዚህ ጀምሩ፦ የትኛውን ትዕይንት እንዳለ ወሰደች፣ የትኛውን ከራሷ ጨመረች፣ የትኛውስ መድረክ ላይ ላላባት?