የምትሰሚው አንድ ድምፅ አይመስለኝም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። መኪናሽ በአውሮፓውያን 2003 የተሠራች ባለ አንድ ሺህ ሲሲ ቪትዝ ናት። ጠዋት ስትነሳ ጠቅ ጠቅ ትላለች፤ በቸርችል ጎዳና ከለገሃር ወደ ፒያሳ ስትወጪ ደግሞ ታንኳኳለች። አንዱ መካኒክ «የቢየላ ብሮንዚና አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» ብሎሻል (ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ብረት የሚያርፍበትን ስስ ንጣፍ ማለቱ ነው)፤ ሌላው «ቤንዚኑ ነው» ብሎ ሸኝቶሻል። ለዓመታት ጋራዥ ውስጥ ስለሠራሁ ሁለቱንም መልሶች በደንብ አውቃቸዋለሁ፤ መኪናው ገና ከበር ሳይገባ የሚሰጡ መልሶች ናቸው። ከጻፍሽው የምረዳው ግን ሁለት የተለያዩ ድምፆች እንዳሉ ነው፤ አንዱ ከቅዝቃዜ ጋር የተያያዘ፣ ሌላው ከጭነት ጋር። ለየብቻ ካልታዩ አንዱ የሌላውን ጥፋት ተሸክሞ ይኖራል።

በመጀመሪያ የድምፁን ምት ተከተዪ። ባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ (ክራንክ ሻፍቱ) ሁለት ጊዜ ሲዞር ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጪ፣ ሞተሩ በደቂቃ 750 ጊዜ ቢዞር፣ ክራንኩን የሚከተል ድምፅ በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ከአንድ ቫልቭ የሚመጣው 6 ጊዜ ያህል። ስድስቱን መሪው ላይ በጣትሽ እየመታሽ ልትከተዪው ትችያለሽ፤ አሥራ ሁለቱን ግን አትደርሺበትም። ይህ ፍርድ ሳይሆን ፍንጭ ነው፤ የቢየላ ድምፅ አንዳንድ ጊዜ በፍንዳታው ምት ላይ ብቻ ጎልቶ ቀርፋፋ ሊመስል ይችላል። ነዳጅ ስትሰጪ አብሮ የማይፋጠን ጠቅታ ከሰማሽ ደግሞ የሚሽከረከር ዕቃ አይደለም። ብዙ ጊዜ የነዳጅ ትነትን ወደ ሞተሩ የምትመልሰው ትንሿ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ናት፤ እሷ ጠቅ ማለቷ ጤንነቷ ነው። የቤንዚን መርጫዎቹ (የኢንጀክተሮቹ) ቀጭን ጠቅታም እንዲሁ።

የጠዋቱን ድምፅ በተመለከተ ከሁሉ በፊት ዘይቱን ለኪ። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ። በዚህ ዕድሜ ያለ ሞተር በሁለት ዘይት ቅያሪ መካከል ዘይት መብላቱ የተለመደ ነው፤ ዘይት ሲጎድል መጀመሪያ የሚጮኸው ቫልቮቹ ያሉበት የላይኛው ክፍል ነው። ዘይቱ ሙሉ ከሆነና ድምፁ በተነሳች በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ተንኮሻኩሾ የሚጠፋ ከሆነ ካም ሻፍቱን ከክራንኩ ጋር የሚያዞረውን የታይሚንግ ሰንሰለት ተጠራጠሪ። የቪትዝሽ ሞተር ለዚህ ሥራ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ሳይሆን ሰንሰለት ነው ያለው፤ የሰንሰለቱ መወጠሪያ በዘይት ግፊት ስለሚሠራ ሌሊቱን ዘይቱ ሲወርድበት ጠዋት ግፊቱ እስኪመለስ ሰንሰለቱ ላላ ይላል። ለአንድ ሰከንድ ከሆነ ሰው አያስደነግጥም፤ እየረዘመ ከሄደ ግን አታቆዪው።

ድምፁ ለደቂቃዎች ቆይቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ እኔ ቀድሜ የማየው የጭስ ማውጫው ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ነው። በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ (ጓርኒሲዮኑ) ሲቃጠል ወይም ብሎኑ ሲላላ ጭሱ በእያንዳንዱ ፍንዳታ በቀጭኑ ያመልጣል፤ ድምፁ ቁርጥ የቫልቭ ነው። ብረቱ ሲግል ይሰፋና ክፍተቱን ይዘጋዋል፤ ስለዚህ «ሲሞቅ ይጠፋል»። መገጣጠሚያው ላይ ጥቁር የጥላሸት መስመር ፈልጊ። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አንድ ሰው የማርሚታውን አፍ በወፍራም ጨርቅ ለቅጽበት ቢይዘውና ጠቅታው ቢጎላ ምንጩ ተገኘ ማለት ነው። በደንብ ያልጠበቀ ካንዴላም ተመሳሳይ ድምፅ ያወጣል፤ ማጥበቅ ደግሞ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

የቫልቭ ክፍተት ከሆነ አትቸኩዪ። በዚያ ዘመን በተሠሩት በብዙዎቹ የቶዮታ ትንንሽ ሞተሮች ክፍተቱ በብሎን አይስተካከልም፤ ተለክቶ በውፍረት የሚለያይ ቁራጭ ብረት ይቀየራል። ስለዚህ ሳይለካ «አጠበቅኩልሽ» የሚል ሰው ምን እንዳጠበቀ ጠይቂው። ዝም ያለ ቫልቭ ሁልጊዜ ጤነኛ እንዳይመስልሽ፤ ክፍተቱ ከመጠን በላይ የጠበበ ቫልቭ በደንብ ስለማይዘጋ በዝምታ ይቃጠላል። ከሁለቱ ትንሽ ጠቅ የሚለው ይሻለኛል።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን አንድ ነገር ልናገር። ድምፅ ሲሰማ ወፍራም ዘይት መሙላት ልማድ ሆኗል። 5 ደብሊው 30 የተባለውን ቀጭን ዘይት የሚጠይቅ ሞተር ውስጥ ወፍራሙ 20 ደብሊው 50 ይገባና ሞተሩ ጸጥ ሲል ሁሉም ይደሰታል። ድምፁ ተሸፈነ እንጂ ያለቀው ዕቃ አልተመለሰም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ደግሞ ያ ዘይት ወደ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ይዘገያል። ያገለገለ መኪና የሚሸጡ ሰዎችም ይህን ዘዴ አሳምረው ያውቁታል። ከውጭ የሚገቡ የነዳጅ የቤት መኪኖች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከለከሉ ወዲህ አሮጌዎቹ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ስለሆነ፣ ገዢ የሆነ ሁሉ ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ ያስነሳ።

አሁን ወደ ዳገቱ። ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደሚበተን ያለ ቀጭን ድምፅ፣ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትጫኚ የሚመጣና እግርሽን ስታነሺ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ፣ ቤንዚኑ ያለጊዜው እየፈነዳ ነው። ሁለተኛው መካኒክ ይህን አስቦ ይሆናል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ስለሚያንስ ያለጊዜው የመፈንዳት ዕድሉም ይቀንሳል። እዚህ ከፍታ ላይ ጤነኛ ሞተር በተራ ቤንዚን ማንኳኳት አይኖርበትም። ካንኳኳ ቤንዚኑን ከመውቀስ በፊት የሞተሩን ሙቀት፣ በፒስተኑ አናት ላይ የተጠራቀመውን ካርቦን፣ የካንዴላውን ዓይነት፣ እንዲሁም አየር የሚያስገባ የተቀደደ ቱቦ መኖሩን አያለሁ።

ሙቀቱን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህ ደግሞ ሞተሩ በጤናው ከሚሠራበት ሙቀት ብዙም አይርቅም። ውኃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚፈጥረው ግፊት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ያላት መኪና በቸርችል ጎዳና ሰልፍ ላይ ቆማ፣ መለኪያው ገና ሳያስፈራ፣ ቴስታታው ውስጥ እዚህም እዚያም ማፍላት ትጀምራለች፤ የጋለው ቦታ ያንኳኳል። ሞተር ከማውረድሽ በፊት ክዳኑን ቀይሪ። ታዲያ ሞተሩ ትኩስ ሳለ እንዳትከፍቺው!

ወደ አዋሽ የመውረድ አጋጣሚ ካገኘሽ ጆሮሽን ስጪ። እዚያ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ያለጊዜው ፍንዳታ ከሆነ ድምፁ ይብሳል። ብሮንዚና ግን ከፍታ አያውቅም።

እውነተኛው የቢየላ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ከታች ይመጣል፣ ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ይብሳል፣ ነዳጅ ሰጥተሽ ስትለቂ በመሃል ይጎላል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ መካኒኩ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኢንጀክተር ሶኬት በየተራ ለአጭር ጊዜ ይንቀል። አንዱ ሲነቀል ድምፁ በግልጽ ከቀነሰ ጥርጣሬው እዚያ ሲሊንደር ላይ ነው። ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠውን ቦቢና መንቀልም ይቻላል፤ ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ስለሚሄድ ኢንጀክተሩን እመርጣለሁ። ቀጥሎ ዘይቱን በንጹሕ ሳህን ላይ አስወርጂ፣ ፊልትሮውንም ቀድደው ያሳዩሽ። ማግኔት የማይስበው የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከታየ የብሮንዚና ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። የዘይት ግፊቱንም በመለኪያ ያስለኩ። ይህ ሁሉ ሞተር ከማውረድ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። ድምፁ ወፍራም ሆኖ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ግን ምርመራ የለም፤ ባለችበት አጥፊያትና በሌላ መኪና ትጎተት።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው «ብሮንዚና ነው» ተብሎ የወረደ ሞተር ስላየሁ ነው። የጋራዡን ስም አልጠራም። ሞተሩ ተፈትቶ፣ ብሮንዚናው ተቀይሮ፣ ተገጥሞ ሲነሳ ድምፁ እንዳለ ነበር። ጥፋቱ ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው፣ የውጭውን ቺንጋ የሚያዞረው መዘውር (ፑሌ) ነበር፤ መሃሉ ያለው ጎማ ተላቅቆ ብረቱ ይማታል። የውኃ ፓምፑንና ዲናሞውን የሚያዞረውን ይህን ቺንጋ አውጥቶ ሞተሩን ለግማሽ ደቂቃ ማስነሳት የውኃ ፓምፑንና የዲናሞውን ኩሽኔታ ከጥርጣሬ ነጻ ያወጣ ነበር፤ ቀጥሎ ፑሌውን በእጅ ወዝወዝ ማድረግ ብቻ ይቀራል። ከጭስ ማውጫው በላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮም ብሎኑ ሲዝግ ብዙ ሰው ያታልላል። ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ሥር አድርጎ ማዳመጥ የድሮ ዘዴ ቢሆንም ዛሬም ይሠራል፤ ፀጉርሽንና ነጠላሽን ከቺንጋው አርቂ እንጂ።

ዕቃ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ከመሄድሽ በፊት ግን ዘይቱን ለኪ፣ የራዲያተሩን ክዳን ቀይሪ፣ ነገ ጠዋትም ኮፋኖውን ከፍተሽ ከመነሳቷ ጀምሮ ሁለት ደቂቃ ያህል ድምፁን ቅጂ። ሬዲዮውና የውስጥ ማራገቢያው ይጥፉ። ቅጂውን እዚሁ ለጥፊው፤ የዘይቱን ዓይነትና መጨረሻ የተቀየረበትንም ኪሎሜትር ጻፊልን።