ሀውስ ኪፒንግን ጠይቁ፦ አንሶላ፣ ትኋን፣ በረኪናና የቀረው

ከአስተባባሪው፦ የዛሬው ተራ የእትዬ ነው። ስታዲየምና ካዛንቺስ አካባቢ ባሉ ሆቴሎች ከአልጋ አንጣፊነት ተነስተው ሱፐርቫይዘር ሆነዋል። አሁን ላውንደሪ ይመራሉ። ጥያቄያችሁን ጻፉ። እትዬ፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።

እትዬ፦ እሺ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። የሆቴል ስም አልጠራም። የአልጋ ዋጋም አልናገርም፣ እሱ የሪሴፕሽን ሥራ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ስለ ቤታችሁ ጽዳት መጠየቃችሁ አይቀርምና ከወዲሁ፦ በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅሉ። አሁን ጠይቁ።

ሚሚ ከቦሌ፦ እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩን። አንሶላው እንግዳ በወጣ ቁጥር ይቀየራል? ወይስ አራግፈው መልሰው ያነጥፉታል?

እትዬ፦ ደህና ሆቴል ይቀይራል። ያው እንግዳ ብዙ ቀን ሲያድር ግን በየቀኑ አይቀየርም። ይቀየርልኝ ካልሽ ይቀየርልሻል። የሚያጭበረብር የለም አልልሽም። ራስሽ እዪው። ካውያ የገባበት አንሶላ የእጥፉ መስመር ቀጥ ብሎ ይታያል። የተተኛበት ግን በእጅ ቢዳበስም መሃሉ ላይ ጭምድዱ አይጠፋም። ትራሱንም አሽትቺው። የራስ ጠጉር ሽታ ከጨርቅ ቶሎ አይለቅም።

ያልጠየቅሽኝን ልጨምርልሽ። አልጋው ግርጌ ላይ የሚነጠፈው ባለ ቀለም ጨርቅ፣ ራነር የምንለው፣ በብዙ ቦታ በየእንግዳው አይታጠብም። የጌጥ ትራሱም እንደዚያው። ሻንጣና ጫማ የሚያርፍበት ደግሞ እሱ ነው። ስትገቢ አንሺና ወንበር ላይ ጣይው።

የባንኩ ልጅ፦ ለምንድነው ሁሉም ነጭ የሆነው?

እትዬ፦ አንድ ላይ ይታጠባል፣ በረኪና ይችላል፣ ቆሻሻ አይደብቅም።

ዳያስፖራው፦ ለገና መጥቼ ዘመዶቼ ምግብ ይዘው ሆቴል መጡ። ዶሮ ወጥና አልጫ አንሶላው ላይ ተደፋ። በሳሙና ብፈትገው ጭራሽ ቀላ። አፈርኩና ጠቅልዬ አልጋ ሥር አድርጌ ወጣሁ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

እትዬ፦ ወይ ልጄ! ደውለህ መንገር ነበረብህ። እዚህ ላይ ታገሱኝ፣ ይሄ የኔ ነገር ነው።

እድፍ የሚሸነፈው ትኩስ እያለ ነው። እንግዳው ያፍርና ይደብቀዋል። እኛ ሳናየው ከሌላው ጋር ይታጠብና ማድረቂያ ይገባል። የማድረቂያው ሙቀት እድፉን እዚያው ያጣብቀዋል። ከዚያ በኋላ ያ አንሶላ ተቀዶ መወልወያ ነው የሚሆነው።

የቀይ ወጥ እድፍ ቅባትም ቀለምም አለው። የበርበሬው ቀለም ያለው ቅባቱ ውስጥ ነው። ቅባቱ ካልወጣ ቀለሙ አይወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ከዚያ ሙቅ ውሃ። መጨረሻ ላይ ብርቱካናማ ጥላ ትቀራለች። እሷን በረኪና አታልብሷት፣ እርጥብ እንዳለ ፀሐይ ላይ አስጡት። የበርበሬ ቀለም ፀሐይ አይችልም።

አልጫው የቀላብህ በእርዱ ነው። እርድ ሳሙና ሲነካው ከቢጫ ወደ ቀይ ይለወጣል። አዲስ የተቀጠረች ልጅ ደም መስሏት ጨርቁን ጥላ እየሮጠች መጥታብኛለች። ደም አይደለም። በደንብ ለቅልቁት፣ ወይም ሎሚ ጠብ አድርጉበት፣ ወደ ቢጫው ይመለሳል። የቀረውን ፀሐይ ይጨርሰዋል።

ደም፣ ወተትና እንቁላል ግን ተቃራኒ ናቸው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። ሙቅ ውሃ ከነካቸው ጨርቁ ላይ ይበስላሉ።

ሂና ተስፋ የለውም። የራስ ቅቤ ይወጣል፣ ግን ያለፋል። ተቀብታችሁ የምትተኙ ከሆነ ሻሽ እሰሩ፣ ወይም አሮጌ ፎጣ ጠይቁ። ማንም አይስቅባችሁም፣ ደስ ብሎን ነው የምንሰጠው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ በተለይ ማሳጅ ቤት ለከፈታችሁ። ዘይት የጠጣ ፎጣ በደንብ ካልታጠበ፣ ከማድረቂያ በትኩሱ ወጥቶ ሲከመር ውስጥ ውስጡን እየጋለ በራሱ ሊነድ ይችላል። ክብሪት የጫረ ሰው ሳይኖር። እኔ ጋ ፎጣ ሳይበርድ አይታጠፍም፣ አይደረደርም።

ቀጭኑ፦ ንገሩ ይላሉ እንጂ ያስከፍሉን የለም እንዴ?

እትዬ፦ የሚያስከፍል አለ። ቶሎ ከተነገረን ግን አንሶላው ይድናል። የዳነ አንሶላ አይከፈልበትም።

ፒያሳው፦ እትዬ፣ መሃል ከተማ ላይ ንጹህ ሆቴል የቱ ነው?

እትዬ፦ ስም አልጠራም ብያለሁ።

የጨርቆስ ልጅ፦ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ቲፕ ትቼ ወጣሁ። ማታ ስመለስ እዚያው ቁጭ ብሏል። አነሰ ብላ ናቀችው?

እትዬ፦ አልናቀችውም። ጠረጴዛ ላይ ያለ ብር የእንግዳ ብር ነው። ካነሳችው ሌባ ልትባል ነው። ትራሱ ላይ አድርገህ «ለክፍል አጽጂዋ፣ አመሰግናለሁ» ብለህ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፍ። የመጨረሻው ቀን ላይ አንዴ ከመተው ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። ፈረቃ አለ። ስታጸዳልህ የሰነበተችው ልጅ አንተ በምትወጣበት ቀን እረፍት ላይ ልትሆን ትችላለች።

ቀጭኑ፦ ቆይ፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ እየከፈልን ሌላ ቲፕ? 15 በመቶ ቫትም አለ እኮ።

የጨርቆስ ልጅ፦ ቫት የመንግሥት ነው። ከአልጋ አንጣፊዋ ጋር ምን አገናኘው?

ቀጭኑ፦ የሚወጣው ከኔ ኪስ አይደለም?

ነርሷ፦ ሰርቪስ ቻርጁ ለሠራተኛ ይከፋፈላል ሲባል ሰምቻለሁ።

ቀጭኑ፦ ሲባል ሰምተሻል። አየሽ?

እትዬ፦ በሚያከፋፍልም ቤት ሠርቻለሁ፣ በማያከፋፍልም። ሪሴፕሽን ላይ ጠይቁ፣ መጠየቁ ራሱ ጥሩ ነው። ቲፕ ግዴታ አይደለም። ያልፈለገ አይስጥ። አሁን አቁሙልኝ።

ነርሷ፦ ትኋን እንዴት ነው የማውቀው? ቆሻሻ ሆቴል ውስጥ ብቻ ነው ያለው?

እትዬ፦ ትኋን ኮከብ አይቆጥርም። በእንግዳ ሻንጣ ገብቶ በእንግዳ ሻንጣ ይወጣል። ስትገቢ ሻንጣሽን አልጋ ላይ አታድርጊ። መታጠቢያ ቤት፣ ሴራሚኩ ላይ አቁሚው። ከዚያ አንሶላውን ከራስጌ በኩል ገልጠሽ የፍራሹን ስፌት በስልክሽ መብራት ተከተዪ። ብዕር የነካው የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየሽ የሱ ኩስ ነው። ከራስጌው ጣውላ ጀርባም እዪ፣ መደበቂያው እዚያ ነው።

ካገኘሽ ፍሊት አትንፊ። ፍሊት ብዙውን አይገድለውም፣ ወደ ጎረቤት ክፍል ነው የሚበትነው። ክፍል ለውጡልኝ በይ፣ ግን ከጎን ያለውን አትቀበዪ። ቤት ስትገቢ ልብስሽን 60 ዲግሪ ላይ እጠቢ። እሱን የሚጨርሰው ሙቀት ነው።

ደላላው፦ የሽንት ቤቴ ሴራሚክ ወይቧል። በረኪናና አሲድ አንድ ላይ ባደርግበት ይፈጥናል አይደል?

እትዬ፦ ገና ስጀምር ምን ነበር ያልኩት? ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳንባ ያቃጥላል፣ ይገድላል። የኛ ሰው ሽንት ቤት ደግሞ ጠባብ ነው፣ መስኮቱም የእጅ መዳፍ ታክላለች። ዛሬ አሲዱን ተጠቀም፣ በብዙ ውሃ ለቅልቀው። በረኪናውን ሌላ ቀን።

በረኪና ቆሻሻ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ይለቀለቃል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ የቀጠነ በረኪና ይፈስበትና 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል። አፍስሶ ወዲያው መጥረግ ገንዘብ መድፋት ነው።

የባንኩ ልጅ፦ በየክፍሉ የሚገቡት ለግማሽ ሰዓት ነው። ይሄ ሁሉ በዚያ ሰዓት እንዴት ይሠራል?

እትዬ፦ በቅደም ተከተል። አንዲት ልጅ በፈረቃዋ 12፣ አንዳንዴ 16 ክፍል ይደርሳታል። ስለዚህ እንደ ቤቷ አትሠራም። መጋረጃና መስኮት ትከፍታለች። ቆሻሻና ያደረውን አንሶላ ታወጣለች። ሽንት ቤቱ ላይ መድኃኒቱን ረጭታ ትተወዋለች፣ አልጋውን እስክታነጥፍ ሥራውን ይሠራል። አቧራ ከላይ ወደ ታች፣ ወለል ከጥግ ወደ በር። የሽንት ቤት ጨርቅ ቀለሙ ሌላ ነው፣ ብርጭቆ አይነካም።

ሰዓት ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለው ምን መሰላችሁ? ሪሞቱ፣ ማብራት ማጥፊያውና ብርጭቆው። ብርጭቆ ኪችን ወርዶ መታጠብ አለበት። ስትቸኩል ክፍሉ ውስጥ ለቅለቅ አድርጋ የምትመልስ አለች። እኔ የምገባበት ሆቴል ሁሉ ብርጭቆዬን ራሴ ነው የማጥበው።

ፒያሳው፦ የድሮ ሆቴሎችን የጣውላ ወለል እንዴት ነው የሚያጸዱት? ለምሳሌ የመጀመሪያው ሆቴላችን ጊዮን...

አራዳው፦ ጊዮን? የመጀመሪያው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው! የ1898 ዓ.ም. ቤት ነው። የፒያሳ ልጅ ነኝ ብለህ?

ፒያሳው፦ እሱ ተቃጥሎ የለ?

አራዳው፦ በጥር 2007 ከፊሉ ተቃጠለ፣ ተጠገነ። መቃጠሉ መጀመሪያነቱን ይፍቀዋል?

ቀጭኑ፦ ስለ ፒያሳ ካነሳችሁ፣ ከፈረሰው ሰፈር...

እትዬ፦ ይሄ የሀውስ ኪፒንግ ጥያቄ ነው? የጣውላ ጠላቱ ውሃ ነው። መወልወያው ጥርቅም ተደርጎ ይጨመቃል፣ ከጣውላው መስመር ጋር ይኬዳል። ሰም በስሱ። ወፍራም ሰም አቧራ ይይዛል፣ ሰው ያንሸራትታል።

ዳያስፖራው፦ ኬትሉ ውስጥ ካልሲ የሚቀቅሉ አሉ ይባላል። እውነት ነው?

እትዬ፦ ሰው የማያደርገው የለም። አንዴ አፍልተህ ድፋውና ድጋሚ አፍላ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ለጀርም እሱም ይበቃል። ታቹ ላይ ያለው ነጭ ቅርፊት የውሃው ማዕድን ነው፣ ሎሚ ያስለቅቀዋል።

ሚሚ ከቦሌ፦ ክፍል ውስጥ ቡና ማፍላት ለምን ይከለከላል? ዕጣንም ጭምር!

እትዬ፦ ጭስ ጠቋሚው ይጮሃል፣ መጋረጃው ይሸታል። ይሄ ቀላሉ ነው። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል ግን ሞት ነው። ሽታ የሌለው ጋዝ ተኝታችሁ ይወስዳችኋል። ሎቢ ውረጂ፣ ቡና አለ።

የጨርቆስ ልጅ፦ ክፍል ውስጥ የተደበቀ ካሜራ ይኖራል?

እትዬ፦ የሴኪዩሪቲ ጥያቄ ነው። እለፉኝ።

አራዳው፦ ሰዓቴን ረስቼ ወጣሁ። ስደውል «አዎ፣ መዝገብ ላይ አለ» አሉኝ። ታዲያ ስልኬ እያላቸው ለምን አልደወሉልኝም?

እትዬ፦ ስልኩን ማን እንደሚያነሳው በምን ይታወቃል? «ባለቤትዎ ትናንት ያደሩበት ክፍል ሰዓት ረስተዋል» ብለን ለሚስትህ እንንገር? የጠፋው ዕቃ ቀኑና የክፍል ቁጥሩ ተጽፎበት ይቀመጣል። መደወል ያለበት የዕቃው ባለቤት ነው።

አራዳው፦ እኔ እኮ ለሥራ ነበር ያደርኩት!

ቀጭኑ፦ ማን ጠየቀህ?

ነርሷ፦ እናቴ ጠበል በሃይላንድ ይዛ መጥታ ነበር። ግማሽ ስለሆነ ይጥሉብናል ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

እትዬ፦ ደንቡ ቁርጥ ያለ ነው። ቅርጫት ውስጥ ያልገባ ነገር አይጣልም። ብጣሽ ወረቀት ብትሆን፣ የአንድ ጉንጭ ውሃ ብትሆን። ስም ያልተለጠፈበት ሃይላንድ ስናይ ደግሞ አብዛኞቻችን ጠበል ይሆናል ብለን እንዳለ ነው የምንተወው። እናትሽ አይስጉ።

ሐዋሳ ነኝ፦ ዘግይቼ ገባሁ። በረኪናን ከመስታወት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ይቻላል?

እትዬ፦ አይቻልም! ብዙው መስታወት ማጽጃ አሞኒያ አለው። ሌላ መርዝ ጋዝ። በረኪና ከውሃ ጋር ብቻ ነው የሚቀላቀለው። አራተኛ ጊዜ አታስብሉኝ።

ፒያሳው፦ እሺ ስም ባይጠሩም፣ በሰፈር ደረጃ ንጹህ ሆቴል...

እትዬ፦ ቀጣይ።

አዲስ ሙሽራ፦ ለጫጉላ ሌሊት አልጋው ላይ ቀይ የጽጌረዳ ቅጠል እንዲበተንልን እንፈልጋለን። ሆቴሉ ክፍያ አለው አለ። ለአበባ ብቻ?

እትዬ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ። ክፍያው የአበባው አይደለም፣ የአንሶላው ነው። ቀይ ቅጠል ሰው ሲተኛበት ይጨፈለቅና ነጭ አንሶላ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ይተዋል። ቀዩን ተዪና ነጭ ወይም ክሬም አምጪ፣ በራነሩ ላይ ይበተን። ያን ጊዜ ስለ ዋጋው ለመነጋገር አፍ ይኖርሻል። ሻማ ግን አይቻልም።

አዲስ ሙሽራ፦ የባትሪ ሻማስ?

እትዬ፦ የባትሪ ይቻላል።