«የጥላውን ዛፍ ቆርጬ ጌሻ ልትከል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቦንጋ አካባቢ ከአባቴ የተረከብኩት 3 ሄክታር የቡና ማሳ አለኝ። ከፍታው በስልኬ ሳየው 1,900 ሜትር ገደማ ይላል። ቡናው አርጅቷል፣ ምርቱም ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው። ፓናማ ውስጥ የጌሻ ቡና ኪሎው ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ዘሩ የኛ አይደለም እንዴ? ጓደኞቼ የጥላውን ዛፍ አውርደህ የጌሻ ችግኝ ትከል ይሉኛል። አንተስ ምን ትላለህ? *የቡና ልጅ ነኝ፣ ከቦንጋ*

መልስ፦ መጀመሪያ መጥረቢያውን አስቀምጥ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

የሰማኸው ወሬ እውነት ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2025 በፓናማ ጨረታ አሲየንዳ ላ ኤስሜራልዳ የሚባለው እርሻ ያቀረበው የታጠበ ጌሻ ኪሎው በ30,204 ዶላር ተሸጧል። ገዢው ከዱባይ ነው። ስንት ኪሎ እንደነበር ግን የነገረህ አለ? 20 ኪሎ! የአንድ ጆንያ ሲሶ ማለት ነው። ስለዚህ 3 ሄክታርህን በ30 ሺህ የምታባዛበትን ካልኩሌተር ዝጋው።

ዘሩ የኛ ነው ወይ ላልከው፣ አዎ። በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከጌሻ አካባቢ ተሰብስቦ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች ተወሰደ። ከታንጋኒካ፣ ከዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ተነስቶ በ1953 ኮስታ ሪካ ገባ፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ፓናማ ደረሰ። ለጣዕሙ ብለው የወሰዱት እንዳይመስልህ። የቅጠል ዋግ ይቋቋማል ተብሎ ነው። የፓናማ ገበሬ ደግሞ ብዙም አልወደደውም፤ ቅርንጫፉ ቶሎ ይሰበራል፣ ፍሬው ጥቂት ነው። አርባ ዓመት ያህል ከሌላው ቡና ጋር ተቀላቅሎ ሲለቀም፣ አብሮ ሲታጠብ፣ በተራ ቡና ዋጋ ሲሸጥ ኖረ።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ኤስሜራልዳ ቦኬቴ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ባሩ የሚባለው እሳተ ገሞራ ተራራ ወገብ ላይ ያለ የቆየ እርሻ ነው። ፒተርሰን የሚባሉ ቤተሰቦች በ1967 ገዙት። በ1996 ሃራሚዮ የሚባል ሌላ ማሳ ጨመሩ። እዚያ ማሳ ላይ የፈንገስ በሽታ ገብቶ ብዙውን ቡና ሲያራግፈው አንዳንዱ ዛፍ ምንም ሳይሆን ቀረ። ያ ዛፍ ጌሻ ነበር። ዘሩን ወስደው ወደ ላይኛው ተራራ አወጡት። ከዚያ የቤቱ ልጅ አንድ ነገር አደረገ፤ የእርሻውን ቡና በየማሳው ለይቶ ቀመሰው። በቃ ይኼው ነው። በ2004 ለብቻው ለውድድር ሲያቀርቡት ቀማሾቹ ሲኒውን ማመን አቃታቸው፤ ተራ ቡና በዓለም ገበያ ፓውንዱ (ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ነው) ከ1 ዶላር በታች በነበረበት ጊዜ በ21 ዶላር ሄደ።

አየህ፣ ዘሩም ተራራውም ድሮም ነበሩ። ዋጋ ያመጣው መለየቱ ነው። እኛ ደግሞ በመደባለቅ ማን ይችለናል! የላይኛው ጥግ ቡና፣ የወንዝ ዳሩ ቡና፣ የጎረቤት ቡና፣ ብስሉም ጥሬውም አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባና ገበያ ይወጣል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ለቀማ እንዲህ አድርግ። ማሳህ ውስጥ ሦስት ቦታ ምረጥ፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። ከየቦታው አሥራ ሁለት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ለብቻ ልቀም። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እሸት ስለሚፈልግ ከየቦታው ሁለት ኪሎ ገደማ ይደርስሃል፣ ለቅምሻ ይበቃል። ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምረው፣ የሚንሳፈፈውን አውጣ። ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ስስ አድርገህ አስጣ፣ ቀን ቀን ደጋግመህ አገላብጠው፣ ቀትር ላይና ማታ ሸፍነው። እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ይበቃል። ከዚያ የሠለጠነ ቀማሽ ወዳለበት ዩኒየን ወይም ላኪ ውሰደው። ከመቶ 80 ነጥብና ከዚያ በላይ ካገኘ ስፔሻሊቲ፣ ማለትም ልዩ ጥራት ያለው ቡና፣ ይባላል። ሦስቱ ናሙና ሦስት የተለያየ ነጥብ ቢያመጣ አይግረምህ።

አደራ፣ ማድረቂያውን ከማድ ቤት አርቀው። አጎቴ አንድ ዓመት ቆንጆ ቀይ ቡና ለቅሞ እንጀራ ከሚጋገርበት ጓሮ አሰጣው። እኔ ነኝ ናሙናውን ይዤ የሄድኩት። ቀማሹ በማንኪያ ስብ አድርጎ ወዲያው ተፋውና «ጭስ» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም። የሦስት ሳምንት ልፋት!

ለቀማው ላይ ገንዘብ አትቆጥብ። ለቃሚን በኪሎ ብቻ ከከፈልከው ቅርንጫፉን ከላይ እስከ ታች ይሸመጥጥልሃል፣ እኔም ብሆን እንደዚያው ነው የማደርገው። ለቀዩ ብቻ ጨምረህ ክፈል፣ አንዱን ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ ይመለስበት። ቦኬቴም የሚለቅሙት የፓናማ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ንጎቤዎች ናቸው፤ ሴቶቹ ደማቅ ረጅም ቀሚስ ለብሰው ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው። ስለ ጨረታው ሲወራ የእርሻው ስም ይጠራል፣ የገዢው ስም ይጠራል፣ እነሱን የሚያነሳ የለም። ይኼ የኔ ቅሬታ ነው፣ እለፈው።

አሁን ወደ ዛፉ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ፍሬውም ጠጣር ይሆናል፣ ጣዕም የሚያጠራቅመውም ያኔ ነው። ጥላም ይህንኑ ሥራ ያግዛል። ዋንዛውና ብርብራው ቅጠላቸው ረግፎ አፈሩን ይሸፍናል፣ ብርብራና ሳሳ ደግሞ አፈሩን ያዳብራሉ፣ ማዳበሪያ የምትገዛበትን ብር ያስቀሩልሃል። በጣም ከጨለመ ቅርንጫፉን አሳሳው እንጂ ግንዱን አትንካ። ባሕር ዛፍ ግን ቡና ውስጥ አታስገባ። ሌላም ነገር አለ፦ የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ሕግ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና እዚያ ገበያ እንዳይገባ ተወስኗል። ማሳህ ከደን የሚቆጠር ከሆነ ዛሬ ያወረድከው ዛፍ ነገ በሳተላይት ይታይብሃል።

ያረጀው ቡናስ? ጉንደላ ነው መድኃኒቱ። ለቀማ ካለቀ በኋላ በበጋው ከመሬት 30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ከፍ ብለህ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ቁረጠው፣ ውሃ እንዳይተኛበት። ከሚያቆጠቁጠው ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ቡቃያ አስቀርና ሌላውን አስወግድ። ዳግም ደህና ምርት የሚሰጥህ በሦስተኛው ዓመት ስለሆነ ሁሉንም ባንዴ እንዳትጎነድል፣ በየዓመቱ ሲሶውን። አለበለዚያ ቤተሰቡ ምን ይበላል?

ችግኙን አትግዛ። መንገድ ዳር «ጌሻ» ተብሎ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ማን ያውቃል። አንተ ያለኸው ቡና በጫካ በሚበቅልበት ካፋ ነው፣ የአባትህን ቡና ሳታስቀምሰው በሰው ስም ትቀይረዋለህ? በ2020 ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ በሚባለው የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ገበሬ ነው፤ ቡናው ፓውንዱ በ185 ዶላር ተሸጧል። ጌሻ አልነበረም።

የቅምሻውን ነጥብ ስታገኝ ጻፍልኝ፣ የሦስቱንም።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ነው የምኖረው። አንድ ካፌ ገብቼ የፓናማ «ጌይሻ» በአንድ ሲኒ 18 ዶላር ከፈልኩ። ሻይ ሻይ ነው ያለኝ። ተሸወድኩ እንዴ? *ጀበና ወዳዷ*

መልስ፦ አልተሸወድሽም፣ እህቴ። ጥሩ ጌሻ እንደዚያ ነው፤ ሳሳ ያለ፣ የጃስሚን አበባና የብርቱካን ልጣጭ የሚሸት። ቀለል ተደርጎ ስለሚቆላ ነው ሻይ የመሰለሽ። ስሙ ላይ ያቺ «ይ» የገባችው ፊደል ስቶ ነው፣ ጌይሻ ከሚባሉት የጃፓን ሴቶች ጋር ምንም አያገናኘውም። ፍሬውን ገዝተሽ እንደ ቤታችን እስኪጠቁር ቆልተሽ ጀበና ውስጥ ከጨመርሽው ግን በእርግጥ ተሸውደሻል፤ አበባው እምድጃው ላይ ያልቃል። ለጀበናው እናትሽ የላከችልሽ ይበቃል።